ከአስፋልቱ ዳር ሲታይ

ዓምደሚካኤል ሁልጊዜ የሚቆመው አንድ ቦታ ነው። ከሶዶ ወደ ዱቦ የሚወስደው አስፋልት ጠርዝ ላይ ሁለት እግሩን ገጥሞ ነጩን መስመር ይረግጣል። ከዚያ መስመር ወዲያ አንዲት ጋት አልፎ አያውቅም። ፀሐይ እንዳይወጋው እጁን ግንባሩ ላይ ያደርግና የደገፉን ግቢ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ ይቃኘዋል። ደገፉ አጠገቡ ቆሞ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሚኒባሶች ጡሩምባቸውን እየነፉ በአፍንጫቸው ሥር ያልፋሉ።

«ይታያል» ይላል ዓምደሚካኤል በመጨረሻ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲናገር ከልቡ ያዝናል።

የሚታየው ብረት ነው። የተገጨ ሚኒባስ፣ ጎማ አልባ ፒክአፕ፣ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ፣ በሩ የወለቀ ፍሪጅ፣ ከሁሉም መሃል ደግሞ ሞተሩ የወጣለት አንድ ትልቅ አውቶቡስ፤ እሱ የደገፉ ቢሮ ነው። ደገፉ የቁርጥራጭ ነጋዴ ነው። ሰው የጣለውን ይገዛል፣ ፈታትቶ ይሸጣል። የሶዶ ሹፌር ሁሉ በሆነ ዘመን ከዚህ ግቢ አንድ ስፖኪዮ ወይም አንድ የበር እጀታ ገዝቶ ያውቃል። ደገፉና ባለቤቱ አሳየሽ ከአውቶቡሱ ኋላ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ሌላ መሬት የላቸውም፤ እሱም ሌላ ሙያ የለውም።

መከራው የጀመረው የአሮጌ ብረታ ብረት ሥርዓት ማስያዣ ዴስክ የሚባል ነገር የተቋቋመ ዕለት ነው። በማን ሥር እንዳለ አትጠይቁኝ፤ እዚያ የሚሠሩትም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ዴስኩ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና አንድ ዓምደሚካኤል አለው። መመሪያም አለው። በመመሪያው መሠረት ማንኛውም የቁርጥራጭ ግቢ ፈቃድ የሚያገኘው ከአስፋልት ላይ የማይታይ ከሆነ ነው፤ የከተማዋ ገጽታ እንዳይበላሽ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ፈቃድ ያላገኘ ግቢ በሎደር ይጠረጋል፤ ብረቱም እንዳለ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

ሌላም አንቀጽ አለ፤ የጉዱ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው። ተቆጣጣሪ ከአስፋልት ወርዶ ግቢ ውስጥ አይገባም ይላል። ይኼም ዝም ብሎ አልመጣም። ከዓምደሚካኤል በፊት የነበሩት ተቆጣጣሪዎች ወደ ግቢ የሚገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር፤ ሲወጡ ግን አንዱ ባትሪ አቅፎ፣ ሌላው ካርቡሬተር ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው። አንዱማ ሙሉ የመኪና ወንበር ተሸክሞ ወጥቶ ናሙና ነው ብሏል። እናም ሌብነትን ከሥሩ ለመንቀል ሲባል ተቆጣጣሪ የሚያየውን ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ እንዲያይ ተወሰነ። ዓምደሚካኤል ደግሞ ለመመሪያ ሟች ነው። አያቱ ከሰሜን በሹመት መጥተው ሶዶ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሥርዓት በደሙ አለ ይባላል።

ደገፉ መጀመሪያ አጥር ሠራ። በርሜል ጠፍጥፎ፣ የመኪና በር ከመኪና በር ጋር በይዶ፣ ከራሱ ቁመት በላይ የሆነ አጥር አቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያማረ አጥር ነበር፤ የበሮቹን መስኮት ሳይቀር አንድ በአንድ ዘግቷቸዋል። ዓምደሚካኤል መጥቶ መስመሩ ላይ ቆመና ቃኘ። ከዚያም በትሕትና፣ አጥሩ ራሱ ከቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነ ቁርጥራጭ መሆኑን፣ ቁርጥራጭ ደግሞ ከአስፋልት ላይ መታየት እንደሌለበት አስረዳው። ደገፉ ታዲያ ምን ላድርግ ቢለው፣ አጥሩን የሚከልል ሌላ አጥር መሥራት እንደሚቻል ነገረው።

ሁለተኛው አጥር ከጭነት መኪና የወረደ ሸራ ነበር፤ አሮጌ ነው ተብሎ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ደገፉ አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ አቆመ። በነጋታው ጠዋት አጥር የሚባል ነገር የለም። ረፋዱ ላይ ሁለት ጎረምሶች በጋሪ ጭነው፣ ጥፍጥፍ አድርገው፣ አሮጌ ቆርቆሮ ነው ብለው ሊሸጡለት መጡ። ደገፉ አጥሩን አወቀው፤ የራሱ ምስማር እንኳ አልወለቀም። እንዳይጮህ፣ የተሰረቀ ዕቃ ከግቢው ተገኘ መባልን ፈራ። ስለዚህ የገዛ አጥሩን መልሶ ገዛ። ከተጠፈጠፈ በኋላ ግን ቆርቆሮው ቁርጥራጭ ሆኗል፤ ለአጥር አይሆንም።

ያን ጊዜ ዓምደሚካኤል አንጀቱ ራራ። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጥ አድሮ አረንጓዴ መከለያ እንደሚፈቀድ አገኘለት። ተክል አያረጅም፣ አይጠፈጠፍም፣ ማንም ቁርጥራጭ አይለውም።

ደገፉ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ቤቶች አየ። በወላይታ ምድር ቤትን ከዓይን የሚከልል ተክል ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ እንሰት ነው። ተጠጋግቶ ሲተከል ከኋላው ያለውን በሬ እንኳ አያሳይም። ደገፉም እንሰትን አሳምሮ ያውቀዋል። ከቤት ሲጠፋ የሸሸው እሱን ነው።

አባቱ አቶ ቦልቴ በዴሳ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ደገፉ ጎረምሳ ሳለ አንድ ቀን ዶማውን እንሰቱ መሃል ጥሎ፣ ከእንግዲህ አፈር አልጭርም ብሎ ሶዶ ገባና ብረት መልቀም ጀመረ። አባትየው አልረገሙትም። ሰርጉን የደገሱት እሳቸው ናቸው፤ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫም፣ የልጅ ልጆቻቸውን በዴሳ ሆነው ይቀበላሉ። ግቢውን ሊያዩ የመጡት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆመው ብረቱን አዩና «ኡታህ የታለ?» አሉት። ኡታ የሚሉት እንሰትን ነው። ደገፉ የለኝም አላቸው። እንግዲያው ይህ ቤት አይደለም፣ ቤት ባልሆነ ቦታ ደግሞ አልቀመጥም ብለው፣ አሳየሽ ያቀረበችላቸውን ውሃ ቆመው ጠጥተው በመጡበት ተመለሱ። አሳየሽ ስታለቅስ ሰነበተች። ደገፉ አላለቀሰም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እንግዳ መጥቶ በተቀመጠ ቁጥር ዓይኑ አባቱ ወደ ቆሙበት በር ይሄዳል።

እንግዲህ በየካቲት ወር ይኼው ደገፉ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አባቱ ፊት ቆመ።

«አባ፣ ኡታ ልተክል ነው» አላቸው።

ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሽማግሌው ዓይን እንባ ሲያቀርር አየና መልሶ ዘጋው።

ሽማግሌው ምንም አልጠየቁም። መንደሩን ጠሩና የእንሰቱን ዕድሜ እያዩ፣ ይኼኛው ይሂድ፣ ያኛው ይቅር እያሉ አስነቀሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ አይሱዙ ሙሉ እንሰትና ዶማ የያዘ ሰው ሶዶ ገባ። ወጉ ነውና ቅጠሉን ቆራርጠው፣ ጉድጓዱን በጥልቁ ምሰው፣ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር በረድፍ ተከሉት። ያለ እበት እንሰት አይሆንም ተብሎ ላምም አብራ ተልካ ነበር። ላሚቱ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረችና የተገጨው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ተኛች፤ ከዚያ ያስወጣት የለም። አሳየሽ በተንሸራታቹ በር በኩል ገብታ ታልባት ጀመር። አቶ ቦልቴ ራሳቸው አልመጡም። ሲይዝ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ እቀመጣለሁ የሚል ቃል ብቻ ላኩ።

ዝናቡ በጊዜው መጣ። ደገፉ በሕይወቱ እንደዚያ ዓመት ሰማይ ሰማይ አይቶ አያውቅም። በግንቦት መጨረሻ ቅጠሉ ተዘርግቶ አውቶቡሱን ዋጠው፣ ፒክአፑን ዋጠው፣ የብየዳውን አጥር ሳይቀር ዋጠው። ደንበኞች ግቢውን ፈልገው እያጡ ዱቦ ደርሰው ይመለሱ ጀመር። ደገፉ ግን በደስታ እግሩ መሬት አልነካ አለ።

ዓምደሚካኤል መጣ፤ መስመሩ ላይ ቆመ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

«ይታያል?» አለ ደገፉ።

«ምንም አይታይም» አለ ዓምደሚካኤል። ፊቱ በራ። ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፣ በትንፋሹ አሟሟቀው። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ጋሽ ደገፉ፣ እኔ ፈቃድ የምሰጠው ለቁርጥራጭ ግቢ ነው። እዚህ ደግሞ የቁርጥራጭ ግቢ አላየሁም።»

«ውስጥ ነው ያለው፣ ይግቡና ይዩ» አለው ደገፉ። ዓምደሚካኤል ተቆጣጣሪ እንደማይገባ አስታወሰው። ደገፉ ሮጦ ገባና አንድ የመኪና በር ተሸክሞ ወጣ። ይኼው ቁርጥራጭ አለ። ዓምደሚካኤል በሩን አየውና አዘነ፤ አሁን ይታያል፣ ከታየ ደግሞ ፈቃድ የለም። ደገፉ በሩን መልሶ አስገባው። አሁን አይታይም፤ ካልታየ ደግሞ የለም። ደገፉ አወጣው። አስገባው። ትከሻው እስኪላጥ ድረስ በሩን ሲያመላልስ አንድ ሚኒባስ ቆሞ፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ በሩ ስንት ነው አለ።

በመጨረሻ ዓምደሚካኤል ነገሩን በምክንያት ፈታው። መዝገቡ ላይ ያለ ግቢ ወይ ፈቃድ ያገኛል፣ ወይ ይጠረጋል። የማይታይ ግቢ ፈቃድ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ የሚቀረው መጠረግ ነው። ደገፉ የማይታይ ነገር እንዴት ይጠረጋል ብሎ ጠየቀ። እሱ የሎደሩ ሹፌር ሥራ ነው ተባለ።

ሎደሩ ሊመጣ የታዘዘው በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። በዚያው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሎደሩን ቀድመው፣ አቶ ቦልቴ ከሚኒባስ ወረዱ። እሑድ ለቸርች የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘዋል። እንሰቱ መያዙን ሰምተው ሊቀመጡ ነው የመጡት። ደገፉ ሎደሩ የሚመጣበትን መንገድ አየ። አባቱ ግን እሱን አላዩትም። ከግንድ ወደ ግንድ እየሄዱ ቅጠሉን እየዳሰሱ ነበር፤ አገዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ለራሳቸው ይስቃሉ። ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ልየው ብለው፣ አሳየሽ ባመጣችላቸው በርጩማ ላይ ሳይቀመጡ በእጃቸው አንጠልጥለዋት ቆሙ።

ሎደሩ ያን ጊዜ ደረሰ፣ ዓምደሚካኤል በእግሩ እየመራው። ሹፌሩ አሮን የሚባል የዚያው የወላይታ፣ የቦምቤ ልጅ ነው። ባልዲውን ከፍ አድርጎ ወደ ግቢው ዞረ፣ እንሰቱን አየ፣ ከእንሰቱ ፊት ሽማግሌውን አየ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ አቶ ቦልቴን ጨበጣቸው፤ የበዴሳን ዝናብ፣ የከብቱን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ዓምደሚካኤል ከመስመሩ ላይ ሆኖ ሥራው እንዲጀመር አሳሰበ።

«እኔ ቁርጥራጭ ጥረግ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ይኼ የሰው ኡታ ነው» አለ አሮን። «የሰው ኡታ ነቅዬ እናቴ ቤት በየት በኩል ነው የምገባው?»

ዓምደሚካኤል ብረቱ ከኋላ እንደሆነ ነገረው። «አይተኸዋል ወይ?» አለው አሮን። ዓምደሚካኤል ውሸት አይሆንለትም፤ አላየሁም አለ። እንግዲያው እኔም አላየሁም አለ አሮን። ዓምደሚካኤል፣ አንተ እምቢ ካልክ ሌላ ሹፌር ይመጣል አለው፣ በሐዘን።

አቶ ቦልቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዩ ቆዩ። ኡታ ሲተከል ብረቱ የተተወ መስሏቸው ነበርና ልጃቸውን የምን ብረት ነው የሚሉት ብለው ጠየቁት። ሁሉም ወደ ደገፉ ዞረ። ደገፉ እንደ ልጅነቱ እግሩን አየ።

«አባ፣ ኡታውን የተከልኩት ብረቱን ለመሸፈን ነው።»

ሽማግሌው በርጩማዋን አስቀመጡና ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ገልጠው ወደ ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው ቅጠሉ ገጠመ። ደገፉ ሊከተላቸው ፈልጎ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። በአባቱ ፊት ውሸታም ሆኖ የቀረው አሁን ነው፤ ግቢው ቢጠረግ ባይጠረግ ለአፍታ ግድ አልሰጠውም። ከውስጥ የቆርቆሮ መረገጥ ተሰማ፣ ላሚቱ እምቧ አለች።

ዓምደሚካኤል መስመሩን ሳይለቅ አንገቱን እንደ ሰጎን አስረዝሟል። እዚያ ቆሞ ሳለ ነው ሐሳቡ የመጣለት። መመሪያው ተቆጣጣሪ አይግባ ይላል እንጂ ሽማግሌ አይግባ አይልም። ሽማግሌው ወጥተው በአንደበታቸው ብረት አለ ካሉ፣ ግቢው አለ ማለት ነው፤ ካለና ካልታየ ደግሞ ፈቃድ ይገባዋል። የለም ካሉ ወይም አልናገርም ካሉ ግን መጠረጉ አይቀርም። ይህን ለሁሉም ጮክ ብሎ አስረዳ። አሳየሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ደገፉ አባቱን ያውቃቸዋል። ያን ብረት በሩ ላይ ቆመው ካዩት ወዲህ ስሙን እንኳ ጠርተውት አያውቁም፤ ልጄ ሶዶ ነው ያለው ይላሉ እንጂ ምን እንደሚሠራ ለሰው አይናገሩም። አሁን በሰው ፊት፣ ያውም ከተታለሉ በኋላ፣ ይናገሩለት ይሆን?

ቅጠሉ ተገለጠና ወጡ። የእሑዱ ኮት ክርኑ ላይ ዝገት ይዟል።

«ጋሼ» አለ ዓምደሚካኤል ድምፁን አስተካክሎ፣ «ውስጥ ያዩት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት።

«ብረት ነው» አሉ። «ከዳር እስከ ዳር ብረት ነው። ብረቱ መሃል ላሜ ተኝታለች። ከኋላ ደግሞ ቤት አለ። የልጄ ቤት ነው።»

ዓምደሚካኤል የሚፈልገው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም፤ ወረቀቱን የሎደሩ ባልዲ ላይ ዘርግቶ፣ ደስ እያለው፣ ማኅተሙን አሳረፈበት። ደገፉ ደግሞ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ፈቃዱን የተቀበለችው አሳየሽ ናት። እሱ እዚያው ቆሞ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ እያለቀሰ ነበር።

ምሳ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረበ። አቶ ቦልቴ መጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ከሹፌሩ ኋላ፣ ተደላድለው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወንበሩ ጮኸ፤ ደገፉ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ያወራዋል። የበዴሳው ቆጮ ተቆረሰ፤ አይብና ዳጣ መጣ። አሮንም ሎደሩን በር ላይ አቁሞ ገብቶ በላ። ዓምደሚካኤል ቢለመንም አልገባም፤ አሳየሽ ድርሻውን በሳህን ይዛለት ወጣችና ነጩ መስመር ላይ ቆሞ በላ፣ ዳጣው እያስነጠሰው።

ሽማግሌው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። የመንግሥትን ፈቃድ ጨርሰሃል፣ አሁን የእኔን ጠይቅ አሉት። ኡታው የእሳቸው ነው፤ በኡታ መሃል የሚቀመጠው ከብትና ሰው ነው እንጂ ብረት አይደለም። ከዴስኩ ጋር ዓመት ሙሉ ሲከራከር የነበረው ደገፉ አባቱን አልተከራከረም።

«አባ፣ ብረቱ እስከ መቼ ይቆይ?» አለ።

አቶ ቦልቴ በመስኮቱ በኩል እንሰቱን እያዩ አሰቡ።

«ኡታው እስኪያልቅ» አሉ።

ደገፉ አፈር ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ይህን ግን አልረሳም። አንዱ ሲነቀል በቦታው ሌላው ይተከላል። በዴሳ ያለው እንሰት የአያቱ አባት የተከሉት ነው፤ እስካሁን አላለቀም። የዴስኩ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ትዝ አለውና ሳቁ መጣ፤ አባቱ ግን አልሳቁም። ከአስፋልቱ በኩል ያለው ረድፍ አረም እንደበላው፣ ማን እንደሚኮተኩተው ጠየቁት።

ደገፉ ከወንበሩ ተነሳ። ከአውቶቡሱ ወረደና፣ ከዚያ ሁሉ ብረት መሃል አንድ ዶማ አይጠፋም ብሎ፣ መፈለግ ጀመረ።